የእናቴ የሐሞት ከረጢት ካንሰር፦ የመትረፍ ዕድሉ ምን ያህል ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ61 ዓመት እናቴ የሐሞት ጠጠር አለባት ተብላ ከሦስት ሳምንት በፊት የሐሞት ከረጢቷ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ወጣላት፤ ትናንት የደረሰን የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ግን «አዴኖካርሲኖማ፣ ቲ2» (የካንሰሩ ዓይነትና ዕጢው የገባበት ጥልቀት ደረጃ) ይላል። ሲቲ ስካኑ የተሠራጨ ነገር አላሳየም። አምስት ዓመት የሚሻገረው ከአምስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ ብቻ እንደሆነ አነበብኩ። ይህ ቁጥር እርሷንም ይመለከታል? በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል የተባለውስ ለምንድን ነው?

የቀዶ ሐኪም መልስ፦
ያነበቡት ቁጥር በሁሉም ደረጃ ያሉትን ታማሚዎች በአንድነት የሚቆጥር ነው፤ በሽታው ለረጅም ጊዜ ምልክት ስለማይሰጥ አብዛኞቹ ወደ ሐኪም የሚመጡት ከተሠራጨ በኋላ ነው። ዕጢው ከውስጠኛው ሽፋን ሳያልፍ ሲገኝ (ቲ1ኤ) ከረጢቱን ማውጣት ብቻ ይበቃል፤ ውጤቱም እጅግ ጥሩ ነው። ቲ2 ግን የከረጢቱን ጡንቻ አልፎ ቀጥሎ ወዳለው ስስ ሕብረ ሕዋስ ገብቷል ማለት ነው፤ በተለመደው ቀዶ ሕክምና ከረጢቱ ከጉበት የሚላጠው ደግሞ በዚያው ሕብረ ሕዋስ መካከል ስለሆነ ቅሪት ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከረጢቱ ያረፈበትን የጉበት ክፍልና በአቅራቢያው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች የሚያወጣው ለዚህ ነው።

የካንሰር ክፍል ነርስ መልስ፦
ዕጢው በጉበት በኩል ነው ወይስ በተቃራኒው? የከረጢቱ ቱቦ የተቆረጠበት ጫፍ ከካንሰር ንጹሕ ነው? በጉበት በኩል ያለው (ቲ2ቢ) የባሰ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማነበው የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ነው፤ ከረጢቱ ተቀዶ ሐሞት ፈስሶ ከሆነ ካንሰሩ በሆድ ዕቃ ውስጥ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራልና።

የሌላ አባል መልስ፦
የአባቴም ቲ2 ነበር። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና አንድ የሊምፍ ዕጢ በካንሰሩ ተነክቶ ስለተገኘ ለስድስት ወር ካፔሲታቢን (የኬሞቴራፒ ክኒን) ወሰደ፤ በመድኃኒቱ ምክንያት መዳፉ እየተላጠ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ እኛ ነበርን የምንቆልፍለት። ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ በአንድ ሰው መገመት ግን አይቻልም።

ጠያቂ፦
ማስታወሻውን አገኘሁት። «ከረጢቱ ሲነሣ ተቀዷል፤ ሐሞት ፈስሷል» ይላል።

የቀዶ ሐኪም፦
ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም ይህን ዛሬውኑ ይወቅ። ሆድ ዕቃውን አስቀድሞ በካሜራ አይቶ መጀመሩ ተገቢ ነው፤ ቅሪት ተሠራጭቶ ከተገኘ ጉበቱን መቁረጥ ስለማይጠቅማት ሕክምናው ወደ ኬሞቴራፒ ይዞራል፤ ንጹሕ ከሆነ ግን በታቀደው መሠረት ይቀጥላል።