ክርክር፦ የሚለካው ቆሮሶው ነው ወይስ መረቡ?

አወያይ
የዛሬው ጥያቄ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ መዳፍ የማይሞላ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በዝቷል የሚል ቅሬታ ደጋግሞ ይነሳል። የቀረቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። አንዱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ቆሮሶ እንዳይሸጥ መከልከል ነው፤ ሌላው ዓይኑ፣ ማለትም ቀዳዳው፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ መረብ ከሐይቁ ማስወጣት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ "ሕግ ይውጣ" ብላችሁ አትለፉ። ተቆጣጣሪው የት ቆሞ ምኑን ይይ? እሱን ንገሩን።

ሚዛን
ዓሣው ይለካ። መረብ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ነው የሚነሳው፤ በጨለማ ሐይቅ መሐል ማን ሄዶ ዓይኑን ይለካል? ዓሣው ግን ጠዋት ጠዋት ዳር መውጣቱ አይቀርም። የሚያስፈልገው አንድ ጣውላ ነው፤ ጫፉ ላይ ማስቆሚያ፣ 20 ላይ ቀይ መስመር። አፉን ማስቆሚያው ላይ ማስጠጋት ነው፤ ጅራቱ ቀዩ ላይ ካልደረሰ መያዝ። ይህ ግን ቢላ ሳይነካው መሆን አለበት። ሥጋው ከአጥንቱ ከተገፈፈ በኋላ ከየትኛው ዓሣ እንደወጣ ማንም አያውቅም።

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚያወጡ ሰዎች የሚተዳደሩት በዚሁ መንገድ ነው። ዛጎሉ 3 ኢንች፣ ማለትም 7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልሞላ፣ እዚያው ጀልባው ላይ ለይተው ወዳወጡበት ይመልሱታል። ከጭነቱ እስከ 5 በመቶ ያልሞላ ቢገኝ ይታለፋል፤ ከዚያ ካለፈ ጥፋት ነው። እነሱ የቻሉትን እኛ ምን ያቅተናል?

ቋጠሮ
ወንድሜ ሚዛን፣ ያመጣኸው ምሳሌ አንተኑ ይረታሃል። ኦይስተር ከውኃ ሲወጣ ዛጎሉን ገጥሞ ይቆያል፤ ሲመልሱት ኑሮውን ይቀጥላል። ቆሮሶ ግን ጭንቅላቱ በመረቡ ዓይን ያልፍና ሆዱ ላይ ይያዛል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ ሥር ይገባል፤ እንደዚያ ታንቆ ያድራል። ጠዋት አብዛኛው ሞቷል። ያልሞተውም ቅርፊቱ ተልጦ ስለሚላቀቅ ቢመለስ እንኳ ቁስሉ ይሻግታል። ጣውላህ የሚለካው በድን ነው። በድን ወደ ሐይቅ ብትጥል የሚጠቀመው አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ብቻ ነው፤ አስጋሪውም ያንን ስለሚያውቅ አይጥለውም፤ ደብቆ ይሸጠዋል።

ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ግን ትንሹን ሳይነካው ያሳልፋል። አለካኩም ከባድ አይደለም። መረቡ እርጥብ እንዳለ፣ አሥር ዓይን በተከታታይ ይዞ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ወጠር ማድረግ ነው፤ አንድ ሜትር ካልሞላ ከ10 በታች ነው። ጭቅጭቅ የሚነሳው አንዳንዱ ሻጭ የዓይኑን አንድ ጎን ብቻ ለክቶ ስለሚናገር ነው። ጎኑ 5 የሆነ ሲወጠር 10 ይሆናል። ደንቡ ላይ "ተወጥሮ" የሚል ቃል ከሌለ ሁለቱም ወገን ትክክል ነኝ ሊል ይችላል።

ሸማኔ
ዓይኑ ብቻ አይበቃም። ሲወጠር መቶ ሜትር የሚሆን መረብ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ሲሰፋ ዓይኑ በደንብ ይከፈታል። ያንኑ መረብ በ30 ሜትር ገመድ ላይ ብትሰበስበው ይልፈሰፈሳል፤ ትንሹንም ትልቁንም በጀርባ እሾሁ እየጠመጠመ ያስቀራል። ዓይኑን ስትለካው ግን ያው 10 ነው! ተቆጣጣሪ ገመዱንም ማየት አለበት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ባለ አንድ ክሩ፣ መስታወት የሚመስለው ሞኖፊላመንት ነው። ርካሽ ነው፤ ውኃ ውስጥ አይታይም፤ ተበጥሶ ሲቀርም አይበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖረው ማነቁን ይቀጥላል። ይህንን ሱቅ ላይ ነው መያዝ፤ ሐይቅ ከገባ በኋላ ረፍዷል።

መምህርት
ሁለቱም ወገን 20ን የተቆረጠ ነገር አስመሰላችሁት። በ20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ገና ግማሽ ያህሉ ነው ለመውለድ የሚደርሰው፤ ሌላው አንድ ጊዜም አልወለደም። በብዛት የሚሰገር ቆሮሶ ደግሞ እያነሰ ባለ ቁመት መውለድ ይጀምራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በየጊዜው ካልተፈተሸ ዓሣው ባነሰ ቁጥር ደንቡም አብሮ እንዲያንስ ግፊት ይመጣል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ሴቷ ቆሮሶ ዕንቁላሏን በአፏ ነው የምትይዘው፤ ጫጩቶቹ በራሳቸው እስኪዋኙ ሁለት ሳምንት ገደማ ትሸከማቸዋለች። መረብ ሲነሳ አፏን ትከፍታለች፤ ቢጫው ዕንቁላል በጀልባው ወለል ላይ ይዘረገፋል። ይህች ዓሣ 25 ሴንቲ ሜትር ልትሆን ትችላለች። በጣውላውም በቋጠሮውም ሕጋዊ ናት። እሷን የሚያድናት ወቅት ብቻ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ መውለጃው የሚበዛው ከጥር እስከ መጋቢት፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። የመጀመሪያው በከፊል ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ገበያው ዓሣ አብዝቶ የሚፈልግበት ጊዜ ማለት ነው። ሙሉ ሐይቁን እንዝጋ አልልም። ፊላ ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ግን ይዘጋ፤ ወንዱ ጎጆ የሚቆፍረውም ጫጩቱ የሚያድገውም እዚያ ነው። ጎታች መረብ ያንን ሁሉ በአንድ ጉተታ ያጸዳዋል።

ሚዛን
መምህርት ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ቆሮሶ ላይ መረቡ ይቅደም። አምባዛ ለሚባለው ዓሣ ግን ጣውላዬን አልጥልም። አምባዛ በመንጠቆ ነው የሚያዘው፤ አየርም ስለሚተነፍስ ጀልባ ላይ ሰዓታት ይቆያል፤ መንጠቆው ከከንፈሩ ከወጣለት ሲመለስ ይኖራል። እሱ እንደ ኦይስተሩ ነው።

ቋጠሮ
በአምባዛ ተስማምተናል፤ መንጠቆ የዋጠው ግን አይተርፍም። ስለዚህ የመንጠቆው የመጠን ቁጥርም ይወሰን።

ምዕራብ ዳር
አሞራ ገደል ላይ ብቻ ጣውላም ሜትርም ብታቆሙ ጀልባው ሌላ ቦታ ይወጣል። ሐይቁን ሲዳማና ኦሮሚያ ይጋሩታል፤ አንዱ ዳር ላይ መረቡ የተወረሰበት ሰው ነገ ማዶ ሄዶ ሌላ ይጥላል። የሁለቱም ክልል ተቆጣጣሪዎች በአንድ መለኪያና በአንድ ቅጣት ካልሠሩ ቁጥጥሩ ያለበት ዳር የአስጋሪዎች ማኅበር አባል ብቻ ነው የሚጎዳው።

ሸማኔ
የመውረሱ ነገርም ይታሰብበት። የአንድ አስጋሪ መረብ ተቃጥሎ በእጁ ምትክ ካልገባ፣ በሳምንቱ የሚገዛው ያንን ርካሽ ሞኖፊላመንት ነው። ዓይኑ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነውን መረብ አስረክቦ ያንኑ ያህል ርዝመት ያለው ባለ 10 በዱቤ ይውሰድ፤ ዕዳውን ማኅበሩ ከዕለት ሽያጩ ይቀንስ። ርክክቡም ከጥር በፊት ይጠናቀቅ።