ንቦቼ እያለቁ ነው፤ መርዝ ነው ወይስ ሌላ?

ያለሁት መራዊ አካባቢ፣ ቆጋ መስኖ አጠገብ ነው። ኅዳር ላይ 12 ዘመናዊ ቀፎ ነበረኝ። ዛሬ ንብ ያለባቸው 5 ብቻ ናቸው።

አጠፋፋቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ግራ የገባኝም እሱ ነው። ጠዋት ስደርስ ሦስቱ ቀፎዎች ደጃፍ ላይ ንቡ እንደ ቆሎ ተበትኗል። አንስቼ ሳይ ምላሳቸው ወጥቷል፤ አንዳንዱ ገና ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ በዋዜማው ሽንኩርቱን ፀረ ተባይ ረጭቶ ነበር። እዚህ ላይ ብዙም አልጠራጠርም።

አራቱ ግን ሌላ ናቸው። አንድም የሞተ ንብ የለም። ትንሽ ማርና ጥቂት እጭ ቀርቷል፤ አውራዋ የለችም። አንዱ ውስጥ የሰም ብል ድሩን አድርቶበታል፤ እሱ እንኳ ባዶ ቤት አይቶ የገባ ይመስለኛል።

የስኳር ብጥብጥና ሽሮ ሰጥቻለሁ። ጉንዳን እንዳይወጣ ከቀፎዎቹ እግር ሥር አመድ ነስንሻለሁ። ከተረፉት ከአንዱ 300 ያህል ንብ ወስጄ በዱቄት ስኳር ነቅንቄ ቫሮዋ የሚባለውን ንብ ላይ የሚጣበቅ ትንሽ ተባይ ፈለግኩ፤ 4 ወረደ። ጎረቤቴም ከእንግዲህ ማታ ማታ እረጫለሁ ብሎኛል፤ እግዜር ይስጠው።

የቀሩትን 5 ከመስኖው ራቅ አድርጌ ባሕር ዛፍ ወዳለበት ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ችግሩ ቀፎው ውስጥ ከሆነ ግን ይዤው መሄዴ ነው። አራቱን ባዶ ያስቀራቸው መርዝ ይሁን በሽታ ወይም ኩብለላ ለመለየት፣ እጩና የማር እንጀራው ላይ ምን ምልክት ልፈልግ?