ፈትል ክፍል፦ ሰኞ ሰኞ ደረት የሚያፍነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ባሕር ዳር ጥጥ ፈትል ላይ የሚሠሩ ልጆች እሑድ አርፈው ሰኞ ሲገቡ ደረታቸው ይታፈናል፤ ማክሰኞ ይሻላቸዋል። ብርድ ነው ወይስ ብናኙ? የሌሊት ክፍያስ እንዴት ይሰላል?

መልስ 1፦
ብርድ አይደለም እህቴ፣ ብናኙ ነው። ሕመሙ ቢሲኖሲስ ይባላል። ከጥጡ ጋር የሚመጣው የቅጠል ስባሪ የባክቴሪያ መርዝ ይዟል፤ ሲተነፍሱት የአየር ቧንቧውን ያጠብባል። ሰውነት በሳምንቱ ውስጥ ይላመደዋል፣ በእረፍት ቀን ልምዱ ይጠፋና ሰኞ እንደ አዲስ ይነሣል። የከፋው ቤሉ (ተጨምቆ የታሰረው ጥጥ) የሚፈታበትና ጥጡ የሚባዘትበት ክፍል ነው። ችላ ከተባለ ወደ ሌሎቹም ቀናት ይዘልቃል፣ ያኔ ሳንባው ላይመለስ ይችላል። ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል።

መልስ 2፦
ማሽኑን በኮምፕረሰር መንፋት ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተኛውን ብናኝ ለአዳራሹ ሁሉ ያድላል። በቫኪዩም ይሳብ። ሻሽ ማሠር ደቃቁን አያስቀርም፤ ኤን-95 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ጭንብል ይደረግ፣ የአፍንጫው ሽቦም በደንብ ይጫን። ሐኪም ጋ ሲሄዱ የትንፋሽ ምርመራው ሰኞ፣ ከፈረቃ በፊትና በኋላ ይሁን፤ በሌላ ቀን ልዩነቱ ሊያመልጥ ይችላል።

መልስ 3፦
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲሰላ የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ ቀን በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት እረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። መደበኛ ፈረቃው ሌሊት መዋሉ ብቻውን ትርፍ ሰዓት አያሰኘውም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።
ቤት በጋራ ሲከራዩም ፈረቃቸው የሚገጥም ይሁኑ። የባሕር ዳር ቆርቆሮ ቤት ቀን ይግላል፣ ከሌሊት ፈረቃ የገባች ልጅ በሰው ግርግር መሐል እንቅልፍ አታገኝም።