የህንድ ግዛቶች የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ሲላበስ ለእኛ ሥራ ፈላጊዎች ይጠቅማል ወይ?

ሳቢያን ቢ፦

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም ካላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ፣ አሁን የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ እያሳደድኩ ነው። ማስታወቂያው ላይ «የጽሑፍ ፈተና ይሰጣል» ይላል፣ አለቀ። ስንት ጥያቄ ነው? ከምን ይወጣል? ምርጫ ነው ወይስ ጽሑፍ? ዝም። ሄደሽ ብትጠይቂም «ስትፈተኚ ታይዋለሽ» ነው መልሱ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወፍራም ፒዲኤፍ ተለቀቀ። የህንድ ነው። ኡታር ፕራዴሽ የሚባል ግዛት ለሲቪል ሰርቪስ ቅጥር የሚሰጠው ፈተና ሲላበስና የድሮ ጥያቄዎች። የለቀቀው ልጅ «እዚህ የሚወጣው ከዚህ ተገልብጦ ነው፣ ይሄን ከቸከላችሁ ጨርሳችኋል» ብሎ ማለ። ከፈትኩት። አንዱ ጥያቄ ስለ ሙጋል ንጉሥ፣ ቀጣዩ ስለ ጋንጀስ ወንዝ፣ ቀጣዩ ስለ ህገ መንግሥታቸው፣ ከዚያ ድንገት የባቡር ፍጥነት ሂሳብ። ፕሪሊምስ፣ ሜይንስ፣ ሲሳት የሚሉ ስሞችም አሉበት።

በዚህ ሙቀት ቀን ማንበብ እንደማይታሰብ ታውቃላችሁ። ማታ ብቻ ነው፣ እሱም መብራት ካለ። ያለችኝን ሰዓት ስለ ሙጋል ንጉሥ ላቃጥላት አልፈልግም። አወቃቀሩን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ የትኛው ክፍል እዚህ ይሠራል፣ የቱን ልዝለል?

ቀፊራ፦

አቦ ተይው። ህንድ ስለ ህንድ ነው የሚጠይቀው። አንቺ ጋንጀስ ከየት እንደሚነሳ አውቀሽ ቀበሌ ልትቀጠሪ ነው?

ህንድ ደርሶ መልስ፦

ቀፊራ አትቸኩል፣ ግማሹ ይጠቅማታል። እኔ ማስተርሴን ህንድ ስማር ዶርም አብረውኝ የነበሩት ልጆች ሌት ተቀን ይሄንኑ ነበር የሚያነቡት፣ ሳልፈልግ ሲላበሱን ለምጄዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «የህንድ ፈተና» የሚባል አንድ ነገር የለም። ህገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 315 ለማዕከላዊው መንግሥት አንድ፣ ለየግዛቱም የየራሱ የመንግሥት ሠራተኛ መልማይ ኮሚሽን እንዲኖር ይላል። ስለዚህ ቢሃር ሌላ፣ ራጃስታን ሌላ፣ ታሚል ናዱ ሌላ ነው። አንቺ እጅ የገባው የኡታር ፕራዴሽ ነው። ግዛት ሲባል ደግሞ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ህዝቡ ከኢትዮጵያ ይበልጣል። (ሌላ ግሩፕ ላይ «እኛም መፈተን እንችላለን ወይ» የሚል ሰው አይቻለሁ። አይቻልም፣ ለህንድ ዜጋ ነው።)

አወቃቀሩ በሦስት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ፕሪሊምስ፣ ማጣሪያ ማለት ነው፣ ሁሉም ምርጫ። በአንድ ቀን ሁለት ወረቀት ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት፣ እያንዳንዱ ከ200። አንደኛው 150 ጥያቄ ጠቅላላ እውቀት ነው፦ ታሪክና የነፃነት ትግላቸው፣ ጂኦግራፊ፣ ህገ መንግሥትና አስተዳደር፣ ኢኮኖሚ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ጠቅላላ ሳይንስ፣ ወቅታዊ ጉዳይ። ሁለተኛው ሲሳት የሚሉት ነው፣ እኛ አፕቲትዩድ የምንለው፣ 100 ጥያቄ። አንብቦ መረዳት፣ ሎጂክ፣ ውሳኔ አሰጣጥ፣ የአስረኛ ክፍል ደረጃ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛና ሂንዲ። የሚገርመው ሲሳት ላይ 33 በመቶ ካመጣሽ ይበቃል፣ ውጤቱ ለደረጃ አይቆጠርም። እሱን ካለፍሽ ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያሻግርሽ የአንደኛው ወረቀት ነጥብ ነው። የማጣሪያው ነጥብ በሙሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይጣላል።

ሁለተኛው ደረጃ ሜይንስ ነው፣ እጅ የሚያዝለው። ሁሉም በጽሑፍ። ድሮ ተፈታኙ የራሱን የትምህርት ዓይነት መርጦ ይፈተን ነበር፣ ከፈረንጆቹ 2023 ጀምሮ ግን እሱ ቀርቶ ስምንት ወረቀት ሆኗል። ሂንዲ ከ150፣ ድርሰት ከ150፣ ከዚያ ስድስት የጠቅላላ ጥናት ወረቀቶች እያንዳንዳቸው ከ200። ድምሩ 1500። ከስድስቱ ሁለቱ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው፣ ስለ ራሱ ስለ ኡታር ፕራዴሽ ብቻ ናቸው። በአንድ የጠቅላላ ጥናት ወረቀት 20 ጥያቄ አለ፣ አስሩ በ125 ቃል ባለ 8 ነጥብ፣ አስሩ በ200 ቃል ባለ 12 ነጥብ። ሰዓቱ ሦስት ነው። አስቢው፣ ለአንድ መልስ ዘጠኝ ደቂቃ። ዶርም ያሉት ልጆች ሰዓት ይዘው ነበር የሚለማመዱት፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይቆጥርለታል። ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ ነው፣ ከ100። ጠቅላላ 1600 ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሲሳቱን ያዥው፣ ጠቅላላ እውቀቱን ዝለይው። የባቡር ፍጥነት፣ መቶኛ፣ ትርፍና ኪሳራ፣ የዝምድና ጥያቄ፣ አቅጣጫ፣ የመቀመጫ አደራደር፣ የቁጥር ተከታታይ፣ እነዚህ የትም ሀገር ያው ናቸው። ባንክም ሄድሽ ሌላ መሥሪያ ቤት አፕቲትዩድ ከተባለ የሚመጣው ይሄው ነው። ህንዶች በብዛትና በዓይነት ስለሚያወጡት መለማመጃ አይጠፋም።

ሳቢያን ቢ፦

ወላሂ እንዲህ ማንም አላስረዳኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን፣ ፒዲኤፉ ላይ ስህተት ከመለሱ ነጥብ ይቀነሳል ይላል። እንዴት ነው የሚሠራው? እኔ የማላውቀውን ሁሉ «ሲ» ብዬ ነው የማልፈው።

ህንድ ደርሶ መልስ፦

«ሲ» እዚያ አያዋጣም። ኡታር ፕራዴሽ ላይ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ የጥያቄው ነጥብ አንድ ሦስተኛ ይቀነሳል። ባዶ ከተውሽው ምንም አይነካሽም። ሂሳቡን እንሥራው፦ አራት ምርጫ ካለ በጭፍን ስትመልሺ ከአራት አንዴ ትመችያለሽ፣ አንድ ነጥብ። ሦስቴ ትስቻለሽ፣ ሦስት ጊዜ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ ነጥብ ተቀነሰ። ዜሮ ለዜሮ። ማለትም ደክመሽ ምንም። ግን አንዱ ምርጫ በእርግጠኝነት ስህተት መሆኑን ካወቅሽና ከሦስቱ ከመረጥሽ ነገሩ ወደ አንቺ ያደላል። ሁለቱን ከጣልሽማ ዓይንሽን ጨፍነሽ መልሺ። ስለዚህ እነሱ የሚለማመዱት ትክክለኛውን ማግኘት ብቻ አይደለም፣ ስህተቱን ማስወጣትም ነው።

ይሄ ግን እንደ ግዛቱ ይለያያል። ራጃስታንም አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፣ እዚያ ማጣሪያው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ 150 ጥያቄ፣ ከ200፣ ሦስት ሰዓት። ታሚል ናዱ ግሩፕ ዋን የሚሉት ማጣሪያ 200 ጥያቄ ነው፣ ከ300፣ እዚያ ቅነሳ የለም። ቢሃር ደግሞ 150 ጥያቄ ከ150፣ ሁለት ሰዓት። አንዱን ግዛት ብቻ አይቶ «የህንድ ፈተና እንዲህ ነው» የሚል ሰው አትስሚ።

እነሱ ይሄን ነገር ምን ያህል እንደ ቁም ነገር እንደሚያዩት ልንገርሽ። በኖቬምበር 2024 የኡታር ፕራዴሽ ኮሚሽን ማጣሪያውን በአንድ ቀን መስጠቱን ትቶ በተለያዩ ቀናት ልስጥ፣ ውጤቱን በቀመር አመጣጥናለሁ ሲል፣ ተፈታኞቹ ፕራያግራጅ ያለው ቢሮው ደጃፍ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። የእኔ ቀን ከበደ፣ የእሱ ቀን ቀለለ ቢባል ማን ይዳኛል ነው ክርክሩ። ኮሚሽኑ ሐሳቡን ቀየረ፣ ማጣሪያው ዲሴምበር ላይ በአንድ ቀን ተሰጠ። የተመዘገበው ከ500 ሺህ በላይ ነበር። እኛ ጋ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ እንኳ ሳይነገረን ተሰልፈን እንገባለን።

የሸንኮር ልጅ፦

ከሐረር ነኝ። ደርሶ መልስ ያለው ልክ ነው፣ ግን «ጠቅላላ እውቀቱን ዝለይው» የሚለው ላይ ትንሽ እጨምራለሁ። ይዘቱን ዝለይው፣ ርዕሱን ግን ውሰጂው። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ህገ መንግሥት፣ ኢኮኖሚ የሚለውን አጽም ይዘሽ በሀገርሽ ሙይው። ሲላበስ ካልሰጡሽ ራስሽ ሥሪ።

የህንዱን ይዘት መቸከል ይጎዳሻል ጭምር። ለምሳሌ የህንድ ፕሬዝዳንት የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነው፣ የእኛ 6። የእነሱ ሎክ ሳባ 543 የተመረጡ አባላት አሉት፣ የእኛ የተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ። ማታ የህንዱን አንብበሽ ጠዋት ብትፈተኚ እጅሽ የቱን እንደሚያጠቁር እንጃ። የእኛ ህገ መንግሥት 106 አንቀጽ ብቻ ነው። ሰው ስለ እሱ የተጻፈ ማስታወሻ ሲያሳድድ ራሱን አያነበውም፣ ይገርመኛል። አንብቢው።

ሌላው ስለ ግዛቱ ብቻ የተባሉት ሁለት ወረቀቶች፣ ለእኔ ምርጡ ሐሳብ እሱ ነው። ድሬ ላይ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ቢኖር ምን ይጠየቅ ነበር ብለሽ አስቢ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋ እንዴት ተቆረቆረች፣ የአስተዳደሩ ቻርተር አዋጅ 416/1996 ምን ይላል፣ የደቻቱ ጎርፍ በ1998 ክረምት። ሐረርን የምትሞክሪ ከሆነ ጀጎል ዩኔስኮ መዝገብ የገባው በዚያው ክረምት ነው። ሐረሪ ክልል ላይ ግን የሥራ ቋንቋው ሐረሪና አፋን ኦሮሞ መሆኑን አትርሺ፣ እነሱ ጋ ሂንዲ 150 ነጥብ እንደያዘው ሁሉ እኛም ጋ ቋንቋ ሰው ይጥላል።

ደግሞ የህንድ ሂሳብ ስትሠሪ ኮማውን ተጠንቀቂ። 10,00,000 ብለው ሲጽፉ አንድ ሚሊዮን ማለታቸው ነው። ላክ የሚሉት መቶ ሺህ፣ ክሮር የሚሉት አስር ሚሊዮን። ይሄን ሳያውቅ ስንቱ መልስ ቁልፉ ተሳስቷል እያለ ይጨቃጨቃል።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ ከመንግሥት ቤት በጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ ፈተና አውጪ ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጫለሁ። ወጣቶቹ የነገሩሽ መልካም ነው። ግን አንድ ነገር ሳይባል ቀረ። በእኛ መሥሪያ ቤት ጥያቄውን የሚያወጣው የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ነበር፣ እሱ ደግሞ በየቀኑ የሚሠራውን ነው የሚጠይቅሽ። የሂሳብ ሠራተኛ ከሆንሽ ደረሰኝ፣ ወጪ ማዘዣ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ የግዢ መመሪያ። ባቡሩም ሎጂኩም ከዚያ በኋላ ነው። ሙያሽን አስቀድሚ።

ህንዶቹን በተመለከተ፣ በእኛ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተማሩን ህንዶች ነበሩ። ጥቁር ሰሌዳውን ሞልተው፣ አጥፍተው፣ እንደገና ሞልተው ነበር የሚወጡት። ጥያቄ አያልቅባቸውም። አሁንም እንዳልተለወጡ ነው የማየው።

ሳቢያን ቢ፦

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ፣ ይሄን ማን ይነግረኝ ነበር! የባንክ ማስታረቂያ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ነክቼው አላውቅም። እንግዲህ ማታ መጀመሪያ ሙያዬን፣ ቀጥሎ ሲሳቱን፣ ህገ መንግሥቱን ደግሞ ባጃጅ ስጠብቅ ስልኬ ላይ።

ቀፊራ፦

እሺ አሸነፋችሁኝ። ግን ልፈትናችሁ፣ ከዚያው ፒዲኤፍ ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ዋጋው ምን ሆነ? ታይዋን ገበያ ሱቅ ላለው ወንድሜ ብጠይቀው «ያው ነው» አለኝ።

ሳቢያን ቢ፦

ያው አይደለም፣ 4 በመቶ ይወርዳል። 100 ብር 120 ይሆናል፣ የ120 ሃያ በመቶ 24 ነው፣ 96 ቀረ። ወንድምህ ጋ መጥቼ ልገዛ ነው።

ህንድ ደርሶ መልስ፦

አየሽ፣ ገብቶሻል። እና የድሮ ጥያቄ የሚሸጡ ቻናሎች አሉ፣ አትክፈዪ። ኮሚሽኑ ራሱ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ያወጣዋል። ማውረጃው ሌሊት ላይ ይሻላል፣ ኔትወርኩ ቀን አያስነካም።