«ብክነትን ቀንሱ» የሚለው ሰርኩላር መጋዘን ሲደርስ ምን ይሆናል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል የሕዝብ ጤና አገልግሎት ውስጥ በዕቅድና ክትትል ክፍል እሠራለሁ። በሥራችን ሥር ከትልቁ ሆስፒታል ጀምሮ እስከ ትንሿ ጤና ጣቢያ ድረስ ብዙ ተቋማት አሉ። የበላይ አመራሩ ካለፈው ዓመት ወዲህ ብክነት መቀነስን ዋና አጀንዳው ያደረገ ሲሆን፣ እስካሁን የተሠራው ግን እያንዳንዱ ተቋም በየሩብ ዓመቱ ብክነቱን በተወሰነ መቶኛ እንዲቀንስ የሚያዝ ሰርኩላር መላክና አፈጻጸሙን በስብሰባ መገምገም ብቻ ነው።

በወረቀት ላይ ውጤቱ ያማረ ነው። ጊዜው ስላለፈበት እንዲወገድ የሚጠየቀው መድኃኒት በየሪፖርቱ እየቀነሰ መጥቷል። በቅርቡ ግን ለሌላ ጉዳይ ወደ አንድ ተቋም ሄጄ መጋዘን ስገባ፣ ከበሩ ጀርባ በሸራ የተሸፈኑ ካርቶኖች አየሁ። ገለጥ ሳደርገው የአገልግሎት ጊዜያቸው ካለፈ ወራት ያስቆጠሩ የግሉኮስ ከረጢቶችና የሕፃናት ሽሮፖች ነበሩ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ምንም ሳይደናገጡ፣ «ሪፖርት ካደረግሁት በግምገማ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ካላደረግሁት ግን የሚጠይቀኝ የለም» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

አመራሩ ክፉ ሐሳብ አለው ብዬ አላምንም፤ የሚባክነው ሀብት የሕዝብ መሆኑን ከልቡ የሚናገር ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ብክነቱ ከሪፖርት ላይ ሳይሆን ከመደርደሪያ ላይ እንዲቀንስ የክልል አመራር በተግባር ምን ማድረግ አለበት? እኔስ ያየሁትን ነገር ሠራተኛውን ሳላስጠይቅ ለአለቆቼ እንዴት ላቅርበው?

መልስ፦ ከመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ

እነዚያን ካርቶኖች እኔም በሌላ ቦታ አውቃቸዋለሁ። በቅድሚያ መታረም ያለበት የምትለኩት ነገር ራሱ ይመስለኛል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ብዛት የሚነግራችሁ ከዓመት በፊት የተሠራን ስሕተት ነው፤ በዚያ ቁጥር ሰውን መገምገም ደግሞ ቁጥሩን ለማስደበቅ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ጤና ጣቢያ 900 ጠርሙስ ሽሮፕ አለው እንበል፤ በወር የሚጠቀመው 50 ያህል ነው፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጊዜ ሊያልፍ 12 ወር ቀርቷል። በእነዚህ 12 ወራት የሚወጣው 600 ጠርሙስ ስለሆነ፣ 300ው እንደሚበላሽ ዛሬውኑ ይታወቃል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ቢን ካርዱን (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) እና ካልኩሌተር መያዝ ይበቃል። ስለዚህ አመራሩ «ስንት ተበላሸ?» ማለቱን ትቶ፣ «በያዝነው የአጠቃቀም መጠን ከሄድን ሳያልቅ ጊዜው የሚያልፍበት የትኛው ነው?» ብሎ በየወሩ ቢጠይቅ፣ ዝርዝሩን የሚያመጣው ሠራተኛ ጥፋተኛ ሳይሆን አስጠንቃቂ ይሆናል። በዚህ ጥያቄ ሰውን ማሳፈርም ያስቸግራል፤ የተበላሸ ነገር ገና የለምና።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን የአመራሩ የራሱ የቤት ሥራ ነው። በምሳሌው ላይ ያሉት 300 ጠርሙሶች ጎረቤት ባለው ሆስፒታል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ። እኔ በሠራሁበት ቦታ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው መድኃኒት ለማዛወር የሁለቱ ተቋማት ኃላፊዎች፣ የሁለቱ ፋይናንስ ክፍሎችና የበላይ መሥሪያ ቤቱ መፈረም ነበረባቸው። አንድ ጊዜ ፊርማው ተሟልቶ መኪና ሲመጣ ለመድኃኒቱ የቀረው ዕድሜ ሦስት ሳምንት ሆኖ ስላገኘነው፣ ተረካቢው አልቀበልም ብሎ መኪናው እንደተጫነ ተመለሰ። ይህን የፊርማ ሰንሰለት የመጋዘን ሠራተኛ ሊያሳጥረው አይችልም፤ በክልሉ ያለ ኃላፊ ግን በአንድ ገጽ መመሪያ ያሳጥረዋል።

ስለ እርዳታ መድኃኒትም ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ በእርዳታ የሚመጣ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲኖረው ይመክራል። «ነፃ ነው» ተብሎ ጥቂት ወር የቀረው ጭነት ሲመጣ፣ ፎቶ መነሳቱን ትቶ «አንቀበልም» የሚል አመራር ስንት ካርቶን ከሸራ ሥር እንደሚያስቀር እርስዎ መገመት ይችላሉ።

መልስ፦ ከክትባት ክፍል ነርስ

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም የተጣለ ነገር ሁሉ ብክነት እንዳልሆነ አመራሩ ካላወቀ ሰርኩላሩ ከመጥቀም ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። የኩፍኝና የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባቶች በፈሳሽ ከተበጠበጡ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም። አንድ የኩፍኝ ብልቃጥ አሥር ልጅ የሚያስከትብ ሆኖ ሁለት ልጅ ብቻ ከመጣ የስምንቱ ይጣላል። «ብክነት ቀንሱ» የሚል ደብዳቤ በደረሰን ሰሞን፣ አሥር ልጅ እስኪሞላ ድረስ እናቶችን «በሚቀጥለው ሳምንት ኑ» እያልን እንድንመልስ ታዘን ነበር። በሪፖርቱ ላይ የክትባት ብክነት ወረደ። ከተመለሱት እናቶች ግን ሁሉም ተመልሰው አልመጡም። ትክክለኛው አሠራር ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡን መክፈት ነው፤ የተጣለውን ክትባት ከአንድ ልጅ መታመም ጋር ማወዳደር አያስፈልግም።

በአንጻሩ እውነተኛው ብክነት ማንም ባላሰበው በኩል ይሄድ ነበር። በፈሳሽ መልክ የሚመጡ እንደ ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት) ያሉ ክትባቶች፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተቀመጡ፣ በንጽሕና ከተያዙና በብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት መጣያ ደረጃው ላይ ካልደረሰ፣ ከተከፈቱ በኋላ እስከ 28 ቀን ሊያገለግሉ ይችላሉ። እኛ ግን ይህን ባለማወቃችን ሁሉንም እንደ ኩፍኝ ክትባት ቆጥረን ማታ ማታ እንጥል ነበር። የግማሽ ቀን ሥልጠና አስቆመው። አመራር የትኛውን ብክነት መታገሥ፣ የትኛውን መዋጋት እንዳለብን ለይቶ ካልነገረን፣ እኛ የምንቀንሰው ለመቀነስ የሚቀለውን ነው። አነስተኛ ክትባት የሚይዝ ብልቃጥ መግዛትም ይቻላል፤ የኩፍኝ ክትባት ባለ አምስት ልጅ ሆኖም ይመጣል፤ ነገር ግን ይህ የሚወሰነው ከእኛ በላይ ባለ ጠረጴዛ ነው።

መልስ፦ ከሥራ አመራር ባለሙያ

ብክነት መቀነስ ሲነሳ ሁሉም ሰው ካይዘንን፣ ማለትም የጃፓኑን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ይጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚወሰደው ቅርፊቱ ነው። የመኪና አምራቹ የቶዮታ መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ብክነትን በሰባት ሲከፍለው ከልክ ያለፈ ክምችትን፣ መጠበቅን፣ ያለ ጥቅም መመላለስን፣ እንከን ያለበትን ሥራ ሁሉ ቆጥሯል፤ መጋዘን ውስጥ ካለው ካርቶን ሌላ ታካሚው ወረፋ ላይ ያጠፋው ግማሽ ቀንም ብክነት ነው ማለት ነው። ኦኖ በፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ እየሣለ ኃላፊዎችን በውስጡ ለረጅም ሰዓት ቁመው ሥራውን እንዲመለከቱ ያደርግ እንደነበር ይነገራል። እኔ ያየኋቸው ኃላፊዎች ግን የወሰዱት ክቡን ሳይሆን የዕቃውን ቦታ ለማሳየት በስቴፕለር ዙሪያ የሚለጠፈውን ቢጫ ፕላስተር ነው።

በጤናው ዘርፍ በስፋት የሚጠቀሰው በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው ቨርጂኒያ ሜሰን የሕክምና ማዕከል ነው። ከፍተኛ አመራሮቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ራሳቸው ጃፓን ሄደው የፋብሪካ ሥራ ተምረዋል። ከዚያም ሁለት ነገር አደረጉ። ማንኛውም ሠራተኛ ታካሚን የሚጎዳ ነገር ሲያይ ሥራውን አስቁሞ ለበላይ እንዲያሳውቅ ሥልጣን ሰጡት፤ በማሻሻያው ምክንያት ማንም ከሥራ እንደማይቀነስም ቃል ገቡ። የእርስዎ የመጋዘን ሠራተኛ ያጡት ይህንኑ ዋስትና ነው።

በሌላ በኩል የካናዳዋ ሳስካቸዋን ግዛት ይህንኑ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ2012 አካባቢ ጀምሮ በመላው የጤና ሥርዓቷ ለመዘርጋት ከአንድ አማካሪ ድርጅት ጋር በብዙ ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለች። ከነርሶችና ከሐኪሞች የበረታ ተቃውሞ ገጠማት፤ ውሉም ከተባለው ጊዜ ቀድሞ ተቋረጠ። ቅሬታው ከወጪው አልፎ በጃፓንኛ ቃላትና በሥልጠና ብዛት ላይም ነበር። ብክነትን ለመቀነስ የመጣ ፕሮግራም ራሱ ብክነት ነው ተብሎ ሲከሰስ ማየት ያሳዝናል፤ ያስቃልም።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ፦ የአንዱን መጋዘን ስም አይጥሩ። አመራሩ ለሁሉም ተቋማት የአንድ ወር የማጽጃ ጊዜ እንዲያውጅ፣ በዚያ ወር የተመዘገበ ማንኛውም ጊዜው ያለፈበት ዕቃ በማንም ግምገማ ላይ እንደማይቆጠር በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ሐሳብ ያቅርቡ። ቁጥሩ በዚያ ሩብ ዓመት ያሻቅባል፤ ይህንንም አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚደነግጡት እነርሱ ናቸው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማጽጃውን ወርና ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡ መድኃኒቶችን ወርኃዊ ዝርዝር የሚመለከት አጭር ማስታወሻ አዘጋጅቻለሁ። የክትባቱን ጉዳይ ለብቻው አውጥቼ፣ ኩፍኝና ቢሲጂ በመቶኛው ስሌት ውስጥ እንዳይገቡ ጽፌያለሁ፤ ይህን ነጥብ እኔ ራሴ አላሰብሁትም ነበር። የዝውውሩን ፊርማም ቆጠርሁት፤ በእኛ ዘንድ ስድስት ነው።

ማስታወሻውን ከማስገባቴ በፊት ወደ መጋዘኑ ሠራተኛ ደውዬ ሐሳቡን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አይቆጠርባችሁም የሚለውን ደብዳቤ የሚፈርመው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እስካሁን የማውቀው ረቂቁን የጻፍሁት እኔ መሆኔን ብቻ ነው።