ኅዳር ላይ ኦሳካ ነን፣ የኪዮቶን መቅደሶች እንዴት እንያቸው?

ሸጋ ዘደሴ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ቤቴ ደሴ ነው፣ አሁን መስሪያ ቤታችን እኔንና አንዲት የስራ ጓደኛዬን ለስልጠና ኦሳካ ሊልከን ነው፣ ቪዛውም ወጥቶልናል ተመስገን። ስልጠናው ኅዳር አጋማሽ ላይ ያልቅና እስክንመለስ ትንሽ ነፃ ቀናት አሉን። ሌላው ሰው ዕቃ ግዢ ምናምን ይላል፣ የኛ ልብ ያለው ግን የድሮዎቹ መቅደሶች ጋ ነው፣ ያ በቀይ ቅጠል የተከበበ የእንጨት ቤት ፎቶው ብቻ ልቤን ወስዶታል፣ በአካል ሳላየው መመለስ አልፈልግም።

ችግሩ ዩቲዩብ ላይ ስገባ አንዱ ይሄን ሳታዩ እንዳትመጡ ይላል ሌላው ያንን፣ ስሙ ሁሉ ተደበላለቀብኝ። ቅጠሉ የሚቀላው በኛ አቆጣጠር መቼ ነው? ለጥቂት ቀን የሚሆነውስ የትኛው ነው? ደሞ ዋናው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ያኔ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፣ ሁለታችንም በእምነታችን ቀልድ አናውቅም። ሰው የሚያመልክበት ቦታ ገብተን እነሱን ሳናስቀይም የራሳችንንም ሳንነካ ማየት ይቻላል ወይ? ምንስ እንብላ? የሄደ ወይ እዛ የኖረ ካለ በናታችሁ ዘርዘር አድርጉልኝ።

ቦርከና፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ ኪዮቶ ነው የተማርኩት፣ ጊዜው በደንብ ገጥሞልሻል። የቅጠሉ ነገር ከሰሜንና ከተራራው ጀምሮ ወደ ታች እየቀላ ነው የሚወርደው፣ ከቶኪዮ በላይ ያለው ኒኮ የሚባለው ተራራማ ቦታ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይደምቃል፣ ኪዮቶ ግን በኛ ልንገርሽ ከኅዳር ሚካኤል እስከ ኅዳር ጽዮን ያለው ነው ዋናው። ሙቀቱ ከቆየ ወደ ታኅሣሥ ይገፋል ስለዚህ ትንበያውን ተከታተይ፣ ልክ እንደ ዝናብ ትንበያ የቅጠልም ትንበያ ያወጣሉ። ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ሲሆን ነው ቀለሙ የሚደምቀው፣ ኪዮቶ ደሞ በተራራ የተከበበች ስለሆነች ለዚህ ተመችታለች። ኅዳር 14 ግን እዛ በዓል ነው፣ ሀገሩ በሙሉ ወደ ኪዮቶ ይተማል፣ በዛን ቀን ሌላ ነገር ያዙ።

ኪዮቶ ውስጥ ብቻ ወደ 1600 የቡድሃ መቅደስና ወደ 400 የሺንቶ (የጃፓኖች የራሳቸው የጥንት እምነት) መቅደስ አለ ይባላል፣ ስለዚህ የትኛውን ልተው ብለሽ አትጨነቂ፣ በቀን ከሁለት በላይ አትያዙ። በቀን አምስት ቦታ እናያለን የሚሉት የሚያዩት አውቶቡስና ሰልፍ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ለቶፉኩጂና ለፉሺሚ ኢናሪ ስጡት። ከኦሳካ በፈጣኑ ባቡር ኪዮቶ ግማሽ ሰዓት ነው፣ እዛው ጣቢያ ወደ ናራ የሚሄደውን ትቀይራላችሁ፣ የመጀመሪያው ፌርማታ ቶፉኩጂ ነው ሁለተኛው ኢናሪ፣ አውቶቡስ ሳትነኩ ጨረሳችሁ። ቶፉኩጂ የቡድሃ መቅደስ ነው፣ ሸለቆ ላይ የተሰራ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ አለው፣ ከስር ያለው በሙሉ ሞሚጂ የሚሉት ዛፍ ነው። ቅጠሏ ትንሽዬ ናት፣ አምስት ወይ ሰባት ጫፍ አላት፣ አንዱ ዛፍ ላይ ከላይ ያለው ደም መስሎ መሃሉ ብርቱካናማ ሆኖ የታችኛው ቅርንጫፍ ገና አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በግርግሩ ሰሞን ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ይከለክላሉ፣ እኔ ይሄን ወድጄላቸዋለሁ፣ ሰው ስልኩን ኪሱ ከቶ በዓይኑ ያያል። ሲከፈት ድረሱ፣ ረፋዱ ላይ መተንፈሻ አይኖርም።

ኢናሪ የሺንቶ ነው፣ የሩዝ አምላክ ነው የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ711 ጀምሮ እንዳለ ይነገራል። መግቢያ አይከፈልም፣ ግቢው ስለማይዘጋ ሌሊትም ክፍት ነው። እነዛ በፎቶ የምታያቸው ተደርድረው የሚሄዱ ብርቱካናማ በሮች እያንዳንዳቸው ነጋዴና ድርጅት የሰጣቸው ናቸው፣ ስትወጪ ባዶ ይመስሉሻል ስትወርጂ ግን ጀርባቸው ላይ የሰጪው ስምና ቀኑ በጥቁር ተጽፎ ታያለሽ። ስሩ የበሰበሰው ይነሳል በቦታው አዲስ ይተከላል። አብዛኛው ጎብኚ ታች ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፣ እናንተ ግን ቀጥሉ፣ ተራራው 233 ሜትር ነው፣ ሀረጎን በእግሩ ወጥቶ ለሚያውቅ ሰው ምንም አይደለም፣ ከግማሽ በላይ ሲኬድ ሰዉ ይሳሳል። ትንንሽ የድንጋይ ቀበሮዎችና ሻማ ብቻ።

ሁለተኛው ቀን ኪዮሚዙ የሚባለው የቡድሃ መቅደስ። በጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል (በኛ ሰዓት ነው የማወራው)፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ባቡር ጋር ውጡ። ያ ገደሉ ላይ የወጣው የእንጨት ሰገነት 13 ሜትር ከፍታ አለው፣ አሁን ያለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1633 ከቃጠሎ በኋላ የተሰራ ነው። ከዛ በእግር ወርዳችሁ ናንዘንጂ የሚባለው የቡድሃ መቅደስ ሂዱ፣ ግቢው ውስጥ መግባት በነፃ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኅዳር ላይ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፣ አብዛኛው መቅደስም 10 ወይ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከምሳ በኋላ እንደርሳለን ማለት እዛ አይሰራም።

የፒያሳዋ፦
እኔ ለአጭር ጊዜ ነው የሄድኩት ግን ይሄን ልጨምር። ብርዱ የደሴ ብርድ ነው አትፍሩት፣ ጃኬትና ሻርፕ ይበቃል። ጫማ ግን ማሰሪያ የሌለው በቶሎ የሚወልቅ ያዙ፣ አዳራሽ በገባችሁ ቁጥር ታወልቃላችሁ፣ ወለሉ ደሞ በረዶ ነው፣ ወፍራም ንፁህ ካልሲ አድርጉ። ካሽ ያዙ፣ መግቢያው ባብዛኛው 500 የን አካባቢ ነው በቅጠሉ ሰሞን 1000 የሚያስከፍሉም አሉ፣ ብዙዎቹ ጋ ካርድ የለም።

የሸዋበር ልጅ፦
ማሻአላህ ደስ ይላል። እህቴ ጓደኛሽን አብሽሪ በያት። ኮቤ ኖሬያለሁ፣ ሂጃብ ለብሼ ያልገባሁበት መቅደስ የለም፣ አንድም ቀን ክፉ ያየኝ ሰው አልገጠመኝም፣ እንደውም ኢትዮጵያ ስላቸው ሽማግሌዎቹ አበበ ይሉኛል፣ ያ እ.ኤ.አ. የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈውን አልረሱትም።

የእምነቱን ነገር እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስግደቱንም ጭብጨባውንም ሳንቲም መወርወሩንም እጣኑንም ትቼዋለሁ፣ ማንም ለምን አላደረግሽም አይልም። መግቢያው ላይ ውሃ ያለበት የድንጋይ ገንዳ አለ እነሱ ከጸሎት በፊት በጭልፋ ግራ እጃቸውን ከዛ ቀኝ እጃቸውን ከዛ አፋቸውን የሚታጠቡበት፣ እሱም የአምልኮው ክፍል ስለሆነ ከዳር ቆሜ አይቼ አልፋለሁ። ሰው ቆሞ ሲጸልይ ከፊቱ አላልፍም፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ የሚጸልይ ሰው ፎቶ አላነሳም። እኛስ ሸዋበር መስጊድ ወይ መድኃኔዓለም ግቢ እንግዳ ቢመጣ የምንፈልገው ይሄንኑ አይደል። ልቧ ካልደላት ግን ከመሄዷ በፊት የምታምነውን ኡስታዝ ትጠይቅ፣ ከቅር ስሜት ጋር ከምትሄድ እሱ ይሻላል። የሚሸጡትን የመቅደስ ክታብ እኔ ለስጦታም አልገዛም።

ምግብ ላይ ተጠንቀቁ። ስጋ የሌለበት የሚመስለው ነገር ውስጥ የአሳማ ስብ ይገባል፣ ሶስ ውስጥ ሚሪንና ሳኬ የሚባል አልኮል ይጨምራሉ፣ ሾርባው በደረቅ ዓሳ ነው የሚሰራው። ኪዮቶም ኦሳካም ሐላል ራመን (የኑድል ሾርባ) የሚሸጡ ቤቶች አሉ፣ ካርታ ላይ ፈልጊያቸው። ኪዮቶ ውስጥ መስጊድ አለ፣ ኮቤ ደግሞ ከኦሳካ በባቡር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ነው፣ የኮቤ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1935 የተሰራ የጃፓን የመጀመሪያው ነው፣ የጦርነቱን ቦምብም የ1995ቱን የመሬት መንቀጥቀጥም አልፎ ቆሟል። ጁምዓ ከደረሰ እዛ ውሰጃት፣ ለአንቺም የሚታይ ነው።

ላንቺ ጾም ደሞ የመቅደስ መነኮሳቱ የሚበሉት ሾጂን ሪዮሪ የሚባል አለ፣ ስጋ እንቁላል ዓሳ የለበትም፣ ሾርባው እንኳ በባሕር አረምና በእንጉዳይ ነው የሚሰራው፣ ይሄ ለሁለታችሁም ይሆናል፣ ግን አልኮል የገባበት መሆኑን ጠይቁ፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። ናንዘንጂ አካባቢ በሙቅ ውሃ የሚቀርብ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራ) የታወቀ ነው። በመንገድ ላይ ድንጋይ ላይ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይሸጣሉ፣ በብርዱ እጅሽን እያሞቅሽ ትበያለሽ።

ሸጋ ዘደሴ፦
ወይ እናንተ ልጆች ዘራችሁ ይባረክ! ሁሉንም ለጓደኛዬ አነበብኩላት፣ ኮቤን ስትሰማ ዝም ብላ ፈገግ አለች። አንድ ነገር ግን፣ የቡድሃና የሺንቶ የምትሉትን በዓይን እንዴት ነው የምለየው? ለእኔ ሁሉም አንድ መሰለኝ።

ጦሳ ስር፦
ልጄ እኔ በሙያዬ የሕንፃ ሰው ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጃፓን ለስራ ተመላልሻለሁ። ሁለት እንጨት ቆሞ ሁለት እንጨት የተጋደመበት በር ካየሽ የሺንቶ ነው። ትልቅ ባለ ጣሪያ በርና ደውል፣ የቡድሃ ሐውልት፣ እጣን፣ የመቃብር ቦታ ካለ የቡድሃ ነው። በሺንቶው ሁለቴ ጎንበስ ብለው ሁለቴ አጨብጭበው አንዴ ጎንበስ ይላሉ፣ በቡድሃው ጭብጨባ የለም እጅ ማጋጠም ብቻ ነው። የቡድሃውን በር ስታልፊ ደፉን እንዳትረግጪው ተሻገሪው፣ በሺንቶው ደግሞ የመንገዱን መሃል ትተሽ ዳር ዳሩን ሂጂ፣ መሃሉ የአምላኩ ነው ይላሉ። ይህን ማክበር ማምለክ አይደለም። ግን አንዱ በሌላው ግቢ ውስጥ ብታገኚ እንዳትደነግጪ፣ ለብዙ መቶ ዓመት ተቀላቅለው ነው የኖሩት፣ በመንግሥት ትእዛዝ የተለያዩት እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ ነው፣ ኪዮሚዙ ግቢ ውስጥም የሺንቶ መቅደስ አለ።

ቦርከና ብዙ ጥሩ ነገር ነግሮሻል፣ ናራ የምትባለውን ከተማ በመተው ግን አልስማማም። ከኦሳካ ናምባ በባቡር 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። እዛ ቶዳይጂ የሚባለው መቅደስ ያለው የነሐስ ቡድሃ ቁመቱ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ752 ነው የተመረቀው፣ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ የአሁኑ በ1709 ያለቀ ነው፣ ከመጀመሪያው በወርድ ያነሰ ሆኖ እንኳን ደጃፉ ላይ ስትቆሚ አንገትሽ ይዞራል። ሐውልቱን አይታችሁ አትውጡ፣ ምሰሶዎቹን ተጠግታችሁ እዩ፣ ብዙዎቹ አንድ ግንድ አይደሉም፣ ትልቅ ዛፍ ስለጠፋ ጠርበው ገጣጥመው በብረት ቀለበት አስረው ነው ያቆሟቸው። እናንተ የማሽን ሰዎች ስለሆናችሁ ይሄ ይገባችኋል። ጊዜ ካገኛችሁ ከናራ ከተማ ወጣ ብሎ ሆርዩጂ የሚባል መቅደስ አለ፣ በዓለም ላይ ቆመው ካሉ የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ የቆዩት እዛ ናቸው። እንጨት ይሄን ያህል መኖሩ የእንጨቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፣ የተበላሸውን እየቆረጡ በአዲስ እየተኩ፣ ጣሪያውን እየፈቱ እየሰሩ ነው ያቆዩት። እኛ ስንት የድሮ ቤት እያለን በእንክብካቤ ማጣት እንደሚፈርስብን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ናራ ያሉት አጋዘኖች ከ1000 በላይ ናቸው፣ መንገድ ላይ ይንሸራሸራሉ፣ ብስኩት ያየ ሁሉ ይከተላችኋል፣ ቀንዳም ወንዶቹን በዚህ ሰሞን አትጠጉ።

ቦርከና፦
ጋሼ ትክክል ነዎት፣ እኔ ያለፍኩት ቀኑ እንዳይጣበብባቸው ብዬ ነው። እንግዲያው ሦስተኛውን ቀን ናራ አድርጉት፣ ኪዮቶ ያለውን ወርቃማውን የኪንካኩጂ መቅደስ ተዉት። ያማረ ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1950 ተቃጥሎ በ1955 እንደገና የተሰራ ነው፣ የሚታየው ከኩሬው ማዶ በሰልፍ እየሄዱ ነው፣ ከጣቢያውም ይርቃል።

የሸዋበር ልጅ፦
ኧረ አንድ ነገር ረስቼ! ስልጠና ላይ እያላችሁ ኅዳር 6 አካባቢ ያለውን ቅዳሜና እሁድ ኦሳካ ያለው ሱሚዮሺ የሚባለው የሺንቶ መቅደስ ብቅ በሉ። ሦስት አምስትና ሰባት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ኪሞኖ (ባህላዊ ልብሳቸውን) አልብሰው ይዘዋቸው የሚመጡበት ሰሞን ነው፣ አያት እናት አባት ሁሉ ተሰብስቦ፣ ልጁ ረጅም ከረሜላ በከረጢት ይዞ። ፎቶ ከፈለጋችሁ ወላጁን አስፈቅዱ።

ሸጋ ዘደሴ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ምሰሶዎቹን ሳላይ አልመለስም። እንግዲህ እንዲህ አሰብን፣ ቶፉኩጂና ኢናሪ አንድ ቀን፣ ኪዮሚዙና ናንዘንጂ አንድ ቀን፣ ናራ አንድ ቀን፣ አርብ ኮቤ። ማታ በመብራት የሚያሳዩት አለ ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ይሄስ ይሆናል?

ቦርከና፦
ይሆናል፣ በናንዘንጂው ቀን አድርጉት፣ ኤይካንዶ የሚባለው የቡድሃ መቅደስ ከዛ በእግር ቅርብ ነው። የቀን ጎብኚውን አስወጥተው ነው ለማታው የሚከፍቱት፣ የማታው ቲኬት ለብቻው ነው የሚቆረጠው፣ ስለዚህ ቀን ከፍላችሁ ውስጥ ቆይተን ማታውንም እናያለን አትበሉ፣ ናንዘንጂ ቆይታችሁ ሲመሽ ተሰለፉ። ሐውልቱን ሳታዩ እንዳትወጡ፣ ሁሌ ፊት ለፊት የሚያይ ቡድሃ ነው የምታዩት እዚህ ግን አንገቱን ወደ ኋላ ዞር አድርጎ የሚያይ ነው፣ ጎኑ ጋ ሄዳችሁ ነው ፊቱን የምታገኙት። ከዛ በሰብዌይ ወደ ኪዮቶ ጣቢያ ተመለሱ፣ አውቶቡሱ በዛን ሰዓት አይቀመስም።