የሙዚቃ ሳጥን ድምፅ በኢንተርኔት ሬዲዮ

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት! በራሳቸው የሚጫወቱ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ለሕዝብ የሚያስተዋውቅ የ20 ደቂቃ ፕሮግራም ታስቧል። ባለ 18 የብረት ጥርሱ የሙዚቃ ሳጥን ሲቀረጽ ግን ዜማው ይርቃል፣ እርርር የሚል ድምፅ ይጎላል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
እርርር የምትለው ፍጥነት የምትቆጣጠረው ትንሿ ማራገቢያ ናት። ማይኩን በተቃራኒዋ፣ ወደ ማበጠሪያው (ጥርሶቹ ወዳሉበት ብረት) አዙረህ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርገው። ፎጣ ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ድምፁን ይውጠዋል። ባዶ የእንጨት ሳጥን ላይ ሲሆን እንደ ክራር ገበቴ ያጎላዋል። ጥርሶቹን ግን ዘይት አታስነካ!

መልስ 2፦
በኢንተርኔት ስታሰራጨው ኤምፒ3 በሰከንድ 64 ኪሎቢት የጥርሱን ንዝረት ያደበዝዘዋል፤ በዚያው መጠን ኦፐስ የሚባለው ሌላ የድምፅ መጭመቂያ ይሻላል። አድማጩ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይጨርሳል፤ 128 ብታደርገው እጥፍ ነው፣ የገጠር ዳታ አይችለውም።

መልስ 3፦
ብዙ ሰው ከግራሞፎን ያምታታዋል። ግራሞፎን የተቀረጸ ድምፅ ያሰማል፤ እዚህ ግን የሲሊንደሩ እሾህ ብረቱን እየነካ እዚያው ይጫወታል። የእጅ መዘውር ያለው ካገኘህ መጀመሪያ በጣም ቀስ ብለህ አዙረው፣ ጥርስ በጥርስ ይሰማ፤ ከዚያ ሙሉውን ልቀቀው። ታሪኩ ላይ አትቆይ፦ በ1796 እ.ኤ.አ. የጄኔቫው ሰዓት ሠሪ አንቷን ፋቭር ፈለሰፈው፣ በቃ።

ጠያቂ፦
ማይኩ ለካ ማራገቢያዋ ጎን ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።